የጋሽ ተካ ሳል

እኛ ሰፈር የሞተ ሰው ዝም አይልም። ይህን የምላችሁ ላስፈራራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ እኔ ራሴ ፈሪ ነኝ። ድመት ጣሪያ ላይ ስትዘል ከሚስቴ ቀድሜ ብርድ ልብስ የምከናነብ ሰው ነኝ። እንዲያውም ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ብርድ ልብስ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያን አልፋችሁ ወደ ወንዙ ስትወርዱ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍበት ቦታ ትደርሳላችሁ። ሰፈራችን እሱ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ተካ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ረዘም አድርገው ይነፋሉ፣ ከዚያ "የእድር ሰው! ውጣ! ቤት ያለህ ውጣ!" ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ድምፃቸው ሞትን የሚያስከብር ድምፅ ነበር። በእሳቸው አፍ ስሙ የተጠራ ሰው፣ በሕይወት ሳለ ይህ ነው የሚባል ነገር ባይሠራም፣ ያን ቀን ጠዋት ትልቅ ሰው ይሆናል። አንድ ጎረቤታችን "እኔስ ጋሽ ተካ ሳይሞቱ በሞትኩ" ይል ነበር። አልተሳካለትም፤ ይኸው እስካሁን አለ፣ ጤናውም ደህና ነው።

ጋሽ ተካ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥሩምባ ይዘው ከወጡ የሟቹን ስም እስኪጠሩ ድረስ ለማንም ቃል አይተነፍሱም። "መርዶ የያዘ አፍ ቀድሞ ያነጋገረው ሰው ላይ ይተርፋል" ይላሉ። መንገድ ላይ አግኝታችሁ "እንደምን አደሩ" ብትሏቸው ዝም ብለው ያልፏችኋል። ትቀየማላችሁ፤ ምክንያቱን ስትሰሙ ግን ዝም ስላሏችሁ ታመሰግናላችሁ።

ኋላ ላይ ጉልበታቸው እንቢ አለ። የኛ ዳገት ደግሞ የጎረምሳ ጉልበት የሚፈትን ነው፤ በክረምት ጭቃውም ውሻውም ተባብረው ነው የሚይዟችሁ። እዚህ ላይ ነው እኔ ጥልቅ ያልኩት።

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ነው። ካውያ፣ ራዲዮን፣ የሞተ ቻርጀር፣ የተገኘውን ሁሉ እፈታለሁ። ሚስቴ አልማዝ "ደህና የነበረ ዕቃ ጠጋኝ" ትለኛለች። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና "ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው" አልኩ። አንድ ገመድ አልባ ማይክ ገዝተን፣ ድምፅ ማጉያውን የእድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ ብንሰቅል፣ ማንም ዳገት ሳይወጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ተካም "ተባረክ፣ ጉልበቴን አሳረፍከው" ብለው መረቁኝ። ማይኩም ለኔ ተሰጠ።

ልብ በሉ፤ ማይኩ ገመድ አልባ ነው። ዕቃ ቤቱም ከቤቴ በላይ ጥቂት እርምጃ ነው። ስለዚህ እኔ ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ፣ የሰው ሞት አውጅ ጀመር።

"በሰው ሞት ላይ ተኝተህ?" ትለኛለች አልማዝ።

"ሟቹም ተኝቷል" እላታለሁ።

ድምፄ ግን አልተወደደም። አፍንጫዬ ክረምት ከበጋ የተዘጋ ስለሆነ፣ ስናገር መርዶ ሳይሆን የውኃ ክፍያ የማስታውስ እመስላለሁ አሉ። ከዓመት በኋላ ጋሽ ተካ ራሳቸው ሞቱ። የእሳቸውንም ሞት ያወጅኩት እኔ ነኝ፤ በዚያው በተዘጋ አፍንጫዬ። ያን ቀን ብቻ ከአልጋዬ ወርጄ፣ ቆሜ ተናገርኩ። አፈርኩ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

አርባቸው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ነቃሁ። ጥሩምባው ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው የሚመጣው። ከዚያ፦

"የእድር ሰው! ውጣ! ቤት ያለህ ውጣ!"

የጋሽ ተካ ድምፅ ነው። የሚመስል አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው። ያ ጫፉ ላይ ሰበር የሚለው፣ "ውጣ" ሲል ደረት የሚያንኳኳው።

አልማዝ ክንዴን ጨመደደችው። "አንተ ነህ?"

"እኔማ ካንቺ ጋር ነኝ!"

"ማይኩስ?"

ማይኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠፍቷል። ሁለታችንም አየነው፤ ከዚያ ሁለታችንም ከእሱ ራቅ አልን።

ወጣን። ምን እናድርግ? ውጡ ተባልን። ሰፈሩ በሙሉ ጋቢውን እየጎተተ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ቆመ። ከ"ውጣ" በኋላ የሟቹ ስም መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ስም መጠራት ባለበት ቦታ ላይ ሩቅ የሆነ፣ እንደ ጉም የሚተን ማጉረምረም ብቻ ነው የተሰማው። ማን እንደሞተ ሳይነገረን፣ ሞት እንዳለ ግን ተነግሮን ቆምን። ያኔ ያደረግነውን ሳስበው እስካሁን ይሰቀጥጠኛል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመልሶ የራሱን ሰው ይነካካ ጀመር። እኔ አማቴ እስትንፋስ እንዳላት ለማረጋገጥ ፊቷ ላይ አጎነበስኩ። ዓይኗን ገልጣ "ገና ነኝ" አለችኝ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ማዞሪያው ላይ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው፣ በቀላሉ የማይደነግጡ ሰው። እሳቸው እንኳ ያን ጠዋት ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው ነበር የወጡት። "ይሄ የማሽንህ ቀልድ ነው?" አሉኝ። "አይደለም ጋሼ" አልኩ። "አይደለም ካልክማ ጭራሽ ባሰ" አሉ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም እናንተንም ባላደከምኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት እናት ሞተው ድንኳን ተክለን ተቀምጠናል። ማጉያውን ከጣሪያ አውርጄ ድንኳኑ ውስጥ አቆምኩት። ሐዘንተኛው ልጅ ማይኩን ይዞ "ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ሁሉ..." ብሎ ሲጀምር፣ ጥሩምባ። ከዚያም ያው ድምፅ፣ "ውጣ! ቤት ያለህ ውጣ!"

ድንኳን የሚያህል ነገር እንደዚያ ፈጥኖ ባዶ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አግዳሚው ወደቀ፣ ትኩስ ንፍሮ መሬት ላይ ተበተነ፣ ቆመው መሄድ አይችሉም የተባሉ አዛውንት ከሁሉ ቀድመው አስፋልት ደረሱ። አንዲት ቆራጥ ሴት ብቻ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ጠበል በሙሉ ማጉያው ላይ ደፋችበት። ማጉያው "ጧ!" ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ተፋ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። "ወጣ!" ተባለ፣ እልልታ ቀለጠ። የወጣው ፊውዙ ነበር። ማን ይስማኛል?

ፊውዙን ቀየርኩ። መንፈሱም ከፊውዙ ጋር ተመለሰ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፈረዱብኝ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድምፁን ካላጠፋሁ ማሽኑ ይጣላል፤ እኔም ጥሩምባ ይዤ በእግሬ፣ ዳገቱን በጎህ፣ በጭቃው መሐል፣ ከነውሾቹ። ይህንን ሲነግሩኝ ጋሽ ሽብሩ ፈገግ ሲሉ ያየሁ መስሎኛል።

እንግዲህ እኔ በመንፈስ አላምንም አልልም፤ ፈሪ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ። ነገር ግን ጠጋኝ ነኝ፤ ድምፅ ከየትም አይመጣም፣ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። ገመድ አልባ ማይክ ማለት ትንሽ ራዲዮን ጣቢያ ማለት ነው። በዚያው ሞገድ ላይ ሌላ ሰው ከተናገረ የኛ ማጉያ የሁለቱንም ይለፈልፋል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የእጅ ራዲዮን ወደዚያው ሞገድ አዙሬ ትራሴ ሥር አኖርኳት፤ ጠበቅሁ።

በአንድ ማለዳ ጥሩምባው ሲነፋ፣ ራዲዮኗን በጆሮዬ ለጥፌ፣ ጋቢ ለብሼ በነጠላ ጫማ ወደ ታች ሮጥኩ። ጥሪው እየተደጋገመ ነው። ወደ ወንዙ በወረድኩ ቁጥር ድምፁ እየጠራ፣ እየቀረበ መጣ። ጋሽ ተካ ከፊቴ እየሄዱ እኔ ከኋላ የምከተላቸው መሰለኝ። እግሬን አቆምኩት፤ እሱ ግን ቁልቁለት ስለነበር አልቆመልኝም። ድምፁ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተሰማው ወንዙ አፋፍ ላይ ካለችው የመጨረሻዋ ቤት በር ላይ ነው። የጋሽ ተካ ቤት ናት። እዚያ እንደደረስኩ የብረቱ መቀርቀሪያ ከውስጥ "ጓ" ብሎ ተዘጋ።

አንኳኳሁ።

"ማነው?" አሉ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች።

"እኔ ነኝ እትዬ፣ የማሽኑ ሰውዬ።"

"ስለሃል?"

"እ?"

"ከማንኳኳትህ በፊት ስለሃል ወይ?"

"ኧረ አልሳልኩም!"

"እንግዲያስ ሰው ነህ" አሉና ከፈቱልኝ።

ቤታቸው ውስጥ መደርደሪያ ላይ፣ ዳንቴል የለበሰች አሮጌ ራዲዮን አለች፣ በዚያው ሞገድ ላይ የተከፈተች። ከእሷ ውስጥ ጋሽ ተካ "ውጣ! ቤት ያለህ ውጣ!" ይላሉ፣ እዚያው ፊት ለፊቴ የቆሙ ያህል። እትዬ ዘነበች ጥሪው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ እንደ ማንኛውም እንግዳ "ተቀመጥ" አሉኝ። ከሳቸው መቀመጫ አጠገብ ሌላ ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ ነበረች፤ ልቀመጥባት ስል "እሷ የሱ ናት" ብለው ሣጥን ሳቡልኝ።

"ሲወጣ ቃል አይተነፍስም ነበር፤ ታውቃለህ" አሉኝ። "ለኔም ቢሆን። ጥሩምባውን ያነሣና በሩ ላይ ቆሞ ሁለቴ ይስላል። 'ወጣሁ፣ ቀርቅሪ' ማለቱ ነው። እኔም እቀረቅራለሁ። ጨርሶ ሲመለስ ደግሞ አንዴ ይስላል። 'ገባሁ፣ ክፈቺ።' ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ነው የኖርነው።"

"አሁንም ይስላሉ?" አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ መልሱን መስማት አልፈለግሁም።

"ከጥሩምባው በፊት ሁለቴ። እኔም እንደምንም ተነሥቼ እቀረቅራለሁ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ፣ ከሞተ ወዲህ ሲወጣ ነው የምሰማው። ሲገባ አንድም ቀን አልሰማሁም። ውጭ ነው ያለው። ይዞራል። ያ ጉልበቱ ደግሞ..."

ራዲዮኗን ሳያት አይተው "ልታጠፋው ነው አይደል የመጣኸው?" አሉኝ።

"እድሩ ነው እትዬ፤ ሰዉ ፈራ..."

"እስኪገባልኝ ድረስ አታጥፋብኝ። አንዴ ቀብሬዋለሁ። በመንገድ ላይ እያለ ድጋሚ አትቅበሩብኝ።"

በአንድ በኩል ዳገቱና ውሾቹ፣ በሌላ በኩል እኚህ ሴት። በሱሪ ሳይሆን በጋቢ የመጣሁት እኔ በዚያ ሰዓት ጀግና መሆን አልቻልኩም፤ "እሞክራለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ከወንዙ ማዶ፣ ወደ አስኮ በኩል፣ ሌላ እድር አለ። ከኛ ጋር ድሮ በድንኳን ምክንያት ተቀያይመዋል፤ የነሱን ሞት አንሰማም፣ የኛን አይሰሙም። ከአፋፉ ላይ ቀና ብዬ ሳይ የነሱ ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ የኛኑ መንታ የሚመስል ማጉያ ተሰቅሏል። ተሻገርኩ። ጸሐፊያቸው አቶ ፈይሳ በደስታ ነው የተቀበሉኝ፤ የተቀያየምናቸው ሰዎች እንደዚያ ደስ ይላቸዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ሞታቸውን ሰምተን አዝነናል" አሉ። "ከመሞታቸው በፊት እዚህ ድረስ መጥተው በስልኬ ቀድቻቸዋለሁ። 'ጉልበቴ ነው የደከመ እንጂ ድምፄ አልደከመም' አሉን። ጥሩምባውና 'ውጣ' የሚለው የእሳቸው ነው፤ ስሙን እኔ በማይክ እጨምራለሁ። የኔ ድምፅ ደካማ ነው፤ ወንዝ አይሻገርም።"

ምሥጢሩ ተፈታ! መንፈስ የለም! ካንድ ሱቅ ከመርካቶ የተገዙ ሁለት ማሽኖች፣ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ሞገድ ብቻ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። "እስቲ ያጫውቱልኝ" አልኩ፣ በድፍረት። አጫወቱልኝ። ጥሩምባ፣ "የእድር ሰው! ውጣ!" ጨረሰ።

"ሳሉስ?" አልኩ።

"የምን ሳል?"

"መጀመሪያ ላይ ያለው። ሁለቴ የሚስሉት።"

ደግመው አጫወቱት። ሳል የለም። ድምፁ ሲጀምር በጥሩምባ ነው የሚጀምረው። አቶ ፈይሳ ትክ ብለው አዩኝ፤ እኔም የሞገድ ብልሽት ነው፣ ራዲዮን ሲከፈት እንዲህ እንዲህ ይላል ብዬ ብዙ ነገር አወራሁ። ስፈራ ሳይንስ ይበዛብኛል።

"ይህን ድምፅ ብትተዉልንስ?" አልኳቸው።

"በኔ ድምፅ ሞክረን ነበር" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "ሰው አልወጣም። ለእሳቸው ግን ይወጣል።"

አልፈረድኩባቸውም። የራሴን አፍንጫ አውቃለሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ አልማዝና እናቷ በአንድ ጊዜ ያወሩኝ ጀመር፤ አንዷ ስለ ጎመን፣ አንዷ ስለ ጠፋሁበት ምክንያት። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር የተካንኩ ነኝ። አማቴ የምትለውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ከሰማሁት ላይ የእሷን እቀንሳለሁ፣ የሚቀረው አልማዝ ናት። እዚያው ቆሜ "አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። "ጎመኑን?" አለች አማቴ።

ዘዴው ይኸው ነው። በዕቃ ቤቱ ያለው ራዲዮን፣ ማለትም የማጉያው ተቀባይ፣ እኛንም ማዶንም ይሰማል። አንድ ረዳት ራዲዮን ማዶን ብቻ ጥርት አድርጎ የሚሰማበት ቦታ ላይ እናስቀምጥ። ረዳቱ የሰማውን በሽቦ ለዋናው ይላክለት፤ ዋናው ደግሞ ከራሱ ላይ ይቀንሰው። የማዶው ይጠፋል፣ የኛ ብቻ ይቀራል። ሁለት ራዲዮን ተረዳድቶ አንድ ድምፅ ያጠራል። የማትፈልጉትን ድምፅ ለማጥፋት፣ እሱን ከሁሉ አብልጦ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ማዶ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ደግሞ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ለእትዬ ዘነበች በዝርዝር አስረዳኋቸው።

"እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ራዲዮን ግን ይሰማል?"

"ይሰማል። እንዲያውም እሱ ካልሰማ እኛ ጋ አይጠፋም።"

"እናንተ እንዳትሰሙ እኔ ልስማላችሁ ነው የምትለኝ።"

"እሱን ነው የምልዎ እትዬ።"

"ድሮም እኔው ነኝ ቀድሜ የምሰማው" አሉና ዳንቴሉን ከራዲዮኗ ላይ አነሡልኝ።

ሽቦውን ከልብስ ማስጫ ወደ ልብስ ማስጫ፣ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ እየዘረጋሁ እስከ ዕቃ ቤቱ አደረስኩት። ሁለት ቀን የሰው ካልሲ አብሮ ተሰጣበት።

የስብሰባው እሑድ መጣ። አባላቱ ዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከበሩ ሳይርቁ፣ አንዳንዱም ጫማውን አጥብቆ አስሮ። ማዶ ለአቶ ፈይሳ ደወልኩላቸውና "ይልቀቁት" አልኳቸው። በመጀመሪያ ረዳቱን ሳላገናኝ አሰማሁ። "ውጣ!" ሲል፣ እንደሚመጣ እያወቁ እንኳ ግማሹ ብድግ አለ። ከዚያ ሽቦውን ሰካሁ። ማስተካከያውን በቀስታ አዞርኩ። ድምፁ ቀጠነ። ሰው ተጣርቶ ተጣርቶ ጥግ ሲዞር እንደሚሆነው ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። አቶ ፈይሳ በስልኩ "እየጮኸ ነው እኮ!" ይሉኛል፤ እኛ ጋ ጸጥታ ነው።

ተጨበጨበ። ጋሽ ሽብሩ ትከሻዬን መቱኝ። ደስታዬ ግን ልቤ ላይ አልደረሰም፤ የማስበው አፋፉ ላይ ያሉትን ሴትዮ ነበር።

ያኔ ማጉያው፦

"እህ። እህ።"

አለ። ሁለቴ። ቀስ ብሎ፣ አጠገባችን እንዳለ ሰው።

ጭብጨባው አየር ላይ ቀረ። "ማነው የሳለው?" አሉ ጋሽ ሽብሩ ዞር ዞር እያሉ። ማንም አልሳለም። ከዚያ ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ የብረት መቀርቀሪያ "ጓ" ብሎ ሲዘጋ ተሰማ።

እኔ እንግዲህ አስረዳሁ። ሁለቱ ራዲዮኖች የተስማሙበት ይጠፋል፣ ያልተስማሙበት ትርፍራፊ ይቀራል፤ በቴክኒክ የታወቀ ነገር ነው አልኩ። ትርፍራፊው ለምን ሳል እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እግዜር ይስጣቸው።

ጋሽ ሽብሩ ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። "'ውጣ' የሚለው ቀርቷል ወይ?"

"ቀርቷል" አለ ሕዝቡ።

"ሳል የሚከለክል የእድር ደንብ አለን?"

"የለንም።"

"እንግዲያው ማሽኑ ይቀጥላል" አሉና ከሁላችንም ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ክረምቱን በሙሉ፣ ማዶ ሰው በሞተ ቁጥር የኛ ማጉያ በማለዳ ሁለቴ ይስላል፤ ከታች መቀርቀሪያው ይመልሳል። እኛም "ማዶ ሐዘን አለ" ብለን እንነሣለን። አቶ ፈይሳ ጋ ደውለን ስሙን እንጠይቃለን፤ ወንዙን ተሻግረን እንቀብራለን፤ እነሱም ለኛ ይሻገራሉ። ስለ ድሮው ድንኳን ማንም አያነሣም። ስለ ሳሉም ማንም አያነሣም። እኔ ብቻ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ከዚያ መቀርቀሪያውን እጠብቃለሁ፤ ሲዘጋ እተነፍሳለሁ። እትዬ ዘነበች አሉ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ አሁንም ይጠብቃሉ ማለት ነው።

መስከረም ከጠባ በኋላ፣ በአንድ ቀዝቃዛ ማለዳ፣ ማጉያው ሳለ።

"እህ።"

ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። መቀርቀሪያውን ጠበቅሁ። አልተዘጋም። ከታች በኩል ምንም የለም፤ ወንዙ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

አልማዝም ነቅታ ኖሯል። "አንዴ ነው" አለች በሹክሹክታ። እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች፤ ብልጭ አላለም። መብራት የለም። በሰፈሩ ሁሉ መብራት የለም። ማጉያው ባትሪ ይኖረው ይሆናል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ ባትሪ እንደሌለው ግን አውቃለሁ፣ የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ስወጣ ጋሽ ሽብሩ ደጄ ላይ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ከኋላቸውም ሰው አለ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ወጥቷል።

"አንዴ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አንዴ ነው።"

"መቀርቀሪያውስ?"

ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው። እያንዳንዳችን "እትዬ ዘነበች" የሚለውን ስም በአፋችን ይዘን፣ እንደ ጋሽ ተካ ቃል ሳንተነፍስ ቁልቁለቱን ወረድን። እኔ ስፈራ ወደ ኋላ ስለምቀር የመጨረሻው ነበርኩ። ዓይኔ እንባ አዝሎ ነበር፤ ስማቸውን በዚያ በተዘጋ አፍንጫዬ እንዴት እንደምጠራው ነበር የማስበው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለዋል። ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል። ራዲዮኗ ዳንቴሏን ለብሳ ዝም ብላለች። ፊታቸው በተቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰሃን ቂንጬ አለ፤ ሁለቱም ይተናሉ። አንዱ በእሳቸው ፊት፣ ሌላው በዚያች ዱካ ፊት።

"ደህና ነዎት?" አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ በሩን ደግፈው።

"ደህና ነኝ። ግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል?"

ገባን። ጠባብ ቤት ናት፤ ትከሻ ለትከሻ ቆምን። ጋሽ ሽብሩ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቁልቁለቱም አድክሟቸዋል። ዱካዋ እዚያው አጠገባቸው ናት፣ ባዶዋን። አልተቀመጡም። ማንም አልተቀመጠባትም።

እትዬ ዘነበች ከሰው ሁሉ መሐል እኔን ፈልገው አገኙኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሰው መንገድ ላይ ቆይቶባቸው እንደመጣላቸው ሴት ደስታ።

"አንተ የመጨረሻው ነህ" አሉኝ። "በሩን ቀርቅረው፣ ብርድ ይገባል። ሁሉም ገብቷል።"

ቀረቀርኩት።